በረዶ ይዤ ልጄ አጠገብ

በቤታችን «አመመኝ» የሚል ሰው አልነበረም። ደንብ አድርጌ አላወጅኩትም፤ ነገር ግን ልጆቼ ቃሉን ከእኔ አፍ ሰምተውት ስለማያውቁ እነሱም ሳይለምዱት አደጉ። እኔ ግንበኛ ነኝ። ደርግ በወደቀ ማግስት ከጋሞ ደጋ ተነሥቼ ጂንካ ስገባ የያዝኩት አንድ የግንበኛ ማንኪያና አንድ ቱንቢ ነበር። ማንበብ የተማርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይና ሰው አንብቦ ከጣለው ጋዜጣ ነው። የትምህርት ቤት ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጥኩት አጥሩን ለመገንባት ነው። ሲሚንቶ እጅ ይበላል፣ ኖራ ዐይን ያቃጥላል፣ ድንጋይ ጣት ይጨፈልቃል። ይህን ሁሉ ሲያወራ የሚውል ሰው ግድግዳ አያቆምም ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ግማሹን አምናለሁ። ልጆቼ ወድቀው ጉልበታቸው ሲላጥ «ምን ሆንክ?» እላለሁ። «ምንም» ይሉኛል። «ጎበዝ» እላለሁ። ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

የምጽፈው ስለ መጨረሻዋ ልጄ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አገጯና ጉሮሮዋ ላይ ፀጉር ያበቅል ጀመር። የሴት ልጅ ለስላሳ ፀጉር አይደለም፤ እንደ ጎረምሳ ጢም ጥቁርና ደንዳና ነው። እናቷ ቀድማ አይታለች፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም። እኔ ያወቅኩት ወረንጦዬ ከመሣሪያ ሣጥኔ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ ነው። ወረንጦውን ከዲመካ ገበያ የገዛሁት እሾህ ለመንቀል ነበር፤ በዚያ በኩል ያሉ ወንዶች አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፣ ያለ እሱ ጫካ አይገቡም። አንድ ቀን ጠዋት ልጄን መስኮት ሥር አገኘኋት። በአንድ እጇ የመስታወት ስባሪ፣ በሌላው ወረንጦዬን ይዛለች። አገጯ ላይ ደም ነጠብ ነጠብ ብሏል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም፣ አባዬ።»

«ፈጣሪ ያበቀለውን ነው የምትነቅይው?»

«አንተስ ጢምህን ትላጭ የለ?»

ይህን ያለችው ከመስታወቱ ቀና ሳትል ነው። «ወረንጦዬን ወደ ቦታው መልሺ» ብዬ ወጣሁ። ቆይቼ ሌላ ገዛሁ፤ የመጀመሪያው የሷ ሆኖ ቀረ።

ልጄ መምህርነት ተምራ ዲመካ ተመደበች። እኔም እዚያ የአንድ መጋዘን መሠረት እንድጥል ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። ዲመካን ለሚያውቅ ሰው ሙቀቱን መንገር አያስፈልግም፤ ከረፋዱ ጀምሮ ሰው ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው። ትምህርት ቤቷን ልይ ብዬ ጎራ ስል ልጄ ወፍራም ሻርፕ ከአንገቷ እስከ ከንፈሯ ሥር ጠምጥማ ታስተምራለች። በመስኮት ቆሜ አየኋት። ውሃ ስትጠጣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ሻርፑን በጣቷ ዝቅ ታደርጋለች፣ ትጎነጫለች፣ መልሳ ትሸፍናለች። ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። አጠገቤ የቆመ አንድ መምህር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅዎ ሰልማለች እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

«እኛማ ስንከራከር ከረምን። ይህን ሙቀት ያለ እምነት የሚችለው የለም ብለን።»

ማታ እራት ስንበላ ለምን እንደማታወልቀው ጠየቅኳት። ለምጄዋለሁ አለችኝ። አይሞቅሽም ወይ አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ አባዬ።»

መልሱ እኔ ያስተማርኩት ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ደስ አላለኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጂንካ ውስጥ አንዲት የቆዳ ሐኪም ክሊኒክ ከፈተች። የተከራየችው እኔ የገነባሁትን ቤት ነው፤ ግድግዳውን ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ። ፀጉር የሚያጠፋ ማሽን ይዛ መጥታለች ተባለ። ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቆመን ስናወራ አንዱ «በመብራት ፀጉር ይነቅላሉ አሉ» ሲል ሌላው «መብራቱ ራሱ መች አለና» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም ሳቅኩ። በዚያው ሳምንት ልጄ ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ ያቺ አዲሷ ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው። ለአገጬ።»

የማስበውን ታውቀዋለች።

«ገንዘቡን ከደመወዜ አጠራቅሜያለሁ» አለች።

«ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግሽ?»

«አብረኸኝ እንድትሄድ።»

ሰው ራሱን ማስዋብ አለበት የለበትም የሚለውን ክርክር ያን ዕለት አቆምኩ። አሸንፋኝ አይደለም። አንዲት አስተማሪ ውሃ ለመጠጣት ከተማሪዎቿ ፊቷን የምታዞር ከሆነ ጉዳዩ ጌጥ አይደለም ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ጉዟችን ከንቱ ሆነ። እኛ ዘንድ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ገላውን ይታጠባል፣ የታጠበ ልብስ ይለብሳል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል። ልጄም ንጹሕ ሆኜ ልቅረብ ብላ ዋዜማውን አገጯን በወረንጦ አንድ ሳታስቀር ነቅላው አደረች። ሐኪሟ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትናገር ወጣት ናት። መብራቱን አስጠግታ አገጯን አየች፣ ደግማ አየች።

«ፀጉሩ የት አለ?»

«ነቀልኩት፣ ዶክተር። ተጣጥቤ ልምጣ ብዬ።»

«የማሽኑ ጨረር የሚፈልገው ጥቁሩን የፀጉር ሥር ነው። ሥሩን ነቅለሽው መጥተሽ ምኑን ልምታው?»

ልጄን ለመደገፍ ጣልቃ ገባሁ። «ወደ ሐኪም በንጽሕና መቅረብ ክብር ነው» አልኩ።

«አባቴ፣ ለንጽሕናው አመሰግናለሁ። ዛሬ የጎደለኝ ጢም ነው።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ሥሩ እስኪመለስ ሳምንታት ይጠበቃል። እስከዚያ ወረንጦም ሆነ ክር ማስነካት ክልክል ነው። ፀሐይ የመታው ቆዳ ቶሎ ስለሚቃጠል ጥላ ይያዛል። ዋዜማው ላይ በአዲስ ምላጭ ይላጫል፣ ፀጉሩ ከላይ ረዝሞ ከቀረ እሱ ራሱ ነዶ ቆዳውን ያቃጥላልና። በቀጠሮው ቀን ፊት ላይ ቅባት የሚባል ነገር አይነካም። የሚያደነዝዝ ክሬም ቀድማ ትቀባታለች፣ ከመሥራቷ በፊትና በኋላ በቀዝቃዛ ነገር ታበርዳለች። «በወር አበባሽ ሰሞን ደግሞ ቆዳ ሕመም ስለማይችል ቀጠሮውን አሳልፊው» ስትል እኔ ቀና ብዬ ኮርኒሱን መመርመር ጀመርኩ። ኮርኒሱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ምስማሩ በሙሉ የተጣመመ ነበር።

ቀኑ ደርሶ ሄድን። ልጄ እንደታዘዘችው ተላጭታለች። ሐኪሟ ክሬሙን ቀብታ አቆየቻት፣ ጠርጋ አነሣችው፣ ለሦስታችንም ጥቁር መነጽር ሰጠችን። ላስቲክ ተስቦ ሲለቀቅ እንደሚመታው ያለ ነገር ይሰማሻል አለቻት። «ሲብስብሽ ንገሪኝ፣ ኃይሉን እቀንሰዋለሁ።» እኔ በራሷ በኩል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ማሽኑ ጧ ሲል የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ።

«አመመሽ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«ትንሽ ልጨምረው? ትችያለሽ?»

«እሺ።»

«ቀጥይ ዶክተር» አልኩ ከወንበሬ። «የእኔ ልጅ ጠንካራ ናት።»

የእግሯ ጣቶች በአንሶላው ሥር ተቆልምመው ይታዩኛል። አይቼ ኮራሁባት። እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ማታ አገጯ አብጦ እንደ ቲማቲም ቀላ። እናቷ ከገዘር ገበያ የመጣ ለጋ ቅቤ ነበራት። በእኛ ቤት የተቃጠለ ሁሉ የሚታከመው በቅቤ ነው፤ የፈላ ውሃ ያቃጠለውም፣ የምጣድ እሳት የላሰውም። «ያበርድልሻል» እያለች ደህና አድርጋ ለቀለቀችው። ሲነጋ አገጯና ጉሮሮዋ ላይ ውሃ የቋጠረ አረፋ ተደርድሮ ነበር። ሦስታችንም ተያይዘን የክሊኒኩ በር ሳይከፈት ደረስን።

«ቅቤ ቀብታችኋል» አለች ሐኪሟ ገና ስታያት።

«ትንሽ ናት» አለች ባለቤቴ።

«እማማ፣ መውጣት የነበረበትን ሙቀት ከድነው አስቀሩት።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች። «ግን ይህ የቅቤ ብቻ አይደለም። ትናንት ስሠራልሽ አሞሽ ነበር?»

ልጄ ቀድማ እኔን አየችኝ።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«እንባዬ መነጽሩ ውስጥ ሞልቶ ነበር።»

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ማሽኑ ያንቺን ሕመም አያውቅም» አለቻት። «ኃይሉን የምመጥነው ቆዳሽን አይቼና አንቺን ሰምቼ ነው። ደህና ነኝ ስትይኝ ጨመርኩ። እንደኛ ያለ ጠይም ቆዳ ሲቃጠል ምልክቱ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይለቅም። ፀጉር ላጠፋ ብዬ ጠባሳ አላተርፍልሽም። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነ እኔ አልቀጥልም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ልጃችንን አስቀደመቻትና እኔን ወደ ኋላ አስቀረችኝ።

«ከራሷ በላይ ተቀምጠህ እንዴት አድርጋ አመመኝ ትበል?»

«እኔ ዝም በይ አላልኳትም።»

«ጎበዝ እያልክ አይደል ያሳደግካት? ጎበዝ ሆነችልህ።»

አረፋው ደረቀ። ባለቤቴ ሐኪሟን እየጠየቀች በአጥራችን ሥር ካለው እሬት ቢጫ ፈሳሹን አንጠፍጥፋ፣ አጥባ፣ የውስጡን ጥርት ያለ ልብ ታደርግላት ነበር። አገጯ ላይ ጥቁር ምልክት ቀርቶ ለወራት ቆየ። ከሻርፑ ሥር ሌላ የሚሸፈን ነገር ተጨመረ ማለት ነው። ምልክቱ እየሳሳ ሲሄድ ልጄ አንድ ቅዳሜ ከዲመካ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልተወው ይሆን?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔ ጀምሬ የተውኩት ግድግዳ የለም።»

«አባዬ፣ ይሄ ግድግዳ አይደለም። ፊቴ ነው።»

ልክ ነበረች። ግድግዳ ቢጣመም ይፈርሳል፣ እንደገና ይገነባል። የልጄን ፊት ማን ያፈርሰዋል? ሌሊቱን ስታስብ አድራ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ አለች፤ ካቃጠለኝ ሻርፔን ጠምጥሜ እኖራለሁ። እኔን ደግሞ ውጭ እንድጠብቅ ለመነችኝ። እሺ አልኳት።

የቀጠሮው ቀን በመጣ ዋዜማ መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ተመለሰ፤ ነገር ግን ሐኪሟ ለማብረጃ የምታስቀምጣቸው በፍሪጅ ውስጥ የነበሩ የበረዶ ከረጢቶች ቀልጠው ለብ ብለው ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ያገኘችው ፈቃድ የአንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የፈተና ሰሞን ነበር። ሐኪሟ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«በረዶ ከተገኘ እሠራለሁ። ካልተገኘ አልነካትም። ባለፈው ያየነውን አይተናል።»

«እኔ አመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ጭማቂ ቤቱ ጋ ሄድኩ፤ በረዶው ውሃ ሆኗል። ዓሣ የምትሸጠዋ ሴትዮ ትንሽ አላት፤ ግን ሽታው ለሰው ፊት የሚሆን አይደለም። ሌላ ሱቅ ጠየቅኩ። «በዚህ ጠዋት በረዶ ያለው ጄኔሬተር ያለው ብቻ ነው» አለኝ ባለሱቁ፣ በአገጩ ወደ መጠጥ ቤቱ እያመለከተ። እኔ ጂንካ ከገባሁ ጀምሮ የመጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ልጆቼንም በዚያ መንገድ አላሳለፍኳቸውም፤ ዙሩ ብዬ ነው ያሳደግኳቸው። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። በረዶው እዚያ ውስጥ ነበር፤ ገባሁ።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆ ትወለውላለች። ታውቀኛለች፤ በጀርባ በኩል ያለውን አጥሯን እንድገነባ ጠይቃኝ እንቢ ብያት ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎም መጡ? የዛሬን አየሁ።»

«በረዶ ፈልጌ ነው።»

«ብርጭቆ አልሰጥዎትም እንግዲህ? በረዶ ብቻውን አይጠጣም እኮ።»

ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «ለጋሼ በእኔ ሒሳብ» አለ።

«ለልጄ ፊት ነው» አልኳት። «ክሊኒክ ተኝታለች። ያለ በረዶ ትቃጠላለች።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ምን ሆነች፣ የቷ ልጅ ብላ አልጠየቀችም። ማቀዝቀዣውን ከፍታ አንድ ባልዲ በረዶ እየፈነቀለች ሞላችልኝ። ስንት ነው ስላት «ይሂዱ ወዲያ፣ ይቀልጥብዎታል» አለች። ከዚያ በኋላ አጥሯን ገንብቼላታለሁ። ስለ መጠጥ ያለኝ አቋም አልተለወጠም። ስለ ሴትዮዋ ግን ተለውጧል፤ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።

ባልዲው ላይ የቢራ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ይዤው ከበሩ ስወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ገጠመኝ። ቆመ። ባልዲውን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ሰላም ነህ ወንድሜ?»

«ሰላም ነኝ። ለልጄ ነው።»

ይህን ባልል ይሻል እንደነበር የገባኝ ፊቱን ሳይ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም፤ እየሮጥኩ አለፍኩት።

ሐኪሟ በረዶውን አይታ ፈገግ አለች። ሰባበረችውና በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። «ረዳቴ ዛሬ የለችም» አለች። «አባቴ፣ እጅዎን ታጥበው ይያዙልኛል?»

ልጄን አየኋት። ውጭ ጠብቀኝ ብላኛለች። አልጋው ላይ ተጋድማ ትንሽ አሰበች።

«ይግባ» አለች።

ሥራው ቀላል ነው። ጨረሩ ከማረፉ በፊት በረዶውን በቦታው ላይ ጫን አድርጌ እይዛለሁ፣ ሐኪሟ ስትነግረኝ አነሣለሁ፣ እሷ እርጥበቱን ጠርጋ ትተኩሳለች፣ ወዲያው መልሼ አደርጋለሁ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቦታ እናልፋለን። መጀመሪያ ላይ ኃይሉን ዝቅ አድርጋ ነው የጀመረችው። ልጄ ሲጠይቋት «ደህና ነው» ትላለች። እኔ ዐይኔን ከበረዶው አላነሣሁም። ከአገጯ ወደ ጉሮሮዋ ስንወርድ ቅዝቃዜው ጣቶቼን ዘልቆ አጥንቴ ገባ። መዳፌ ሲሚንቶ ያደነደነው ነው፣ ግን በረዶ ሌላ ነገር ነው። ታገሥኩ። እንደ ልማዴ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው እስኪጠፋኝ ድረስ ያዝኩ።

«አባቴ፣ ከቦታው ወጥተዋል» አለች ሐኪሟ ማሽኑን መለስ አድርጋ። «የሚበርደው ሌላ፣ እኔ ልመታ የነበረው ሌላ። ጣትዎ ደነዘዘ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

ልጄ በጥቁሩ መነጽር ሥር ሳቅ አፈናት። አልጋው ተነቃነቀ።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገራት። የሚቃጠለው የእኔ አንገት ነው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ የሁለት ሴቶች ዐይን እየጠበቀኝ ነው፣ በጥቁር መነጽር የተሸፈነ ቢሆንም።

«አመመኝ» አልኩ። «እጄን አመመኝ።»

«እንዲህ ይበሉኛ» አለችና ሐኪሟ በረዶውን ተቀብላ በወፍራም ፎጣ ደግማ ጠቀለለችው፤ ጓንትም ሰጠችኝ፤ እጅ አፈራርቄ እንድይዝ ነገረችኝ። እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ እስኪሞቅ ጠበቁኝ። ሁለቱም ጠበቁኝ። ለእኔ ሥራ ሲቆም ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ማንም አልተቆጣም።

እንደገና ጀመርን። ማሽኑ ጧ አለ።

«ያቃጥላል» አለች ልጄ።

ሐኪሟ ቆመች። «የት ጋ?»

«እዚህ፣ ከመንጋጋዬ ሥር። እዚህ ጋ ቀንሺልኝ።»

ቀነሰችላት፤ እኔም በረዶውን እዚያው ላይ ረዘም አድርጌ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ልጄ አላቋረጠችም። ይቺ ደህና ናት፣ ይቺኛዋ ትብሳለች፣ ቆይ ልተንፍስ፣ አሁን ቀጥይ። በሕይወቷ ሙሉ ያላለችውን በአንድ ጠዋት ያለችው መሰለኝ። እያማረረች አልነበረም፤ ሐኪሟን መንገድ እየመራች ነበር። ሲያልቅ ሐኪሟ አገጯን በመብራት አየችና «እንደዚህ ነው የሚሠራው» አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ነው። ቀና ብላ የልጇን ፊት መረመረች።

«እንዴት ነበር?»

«አመመኝ። ሲብስ ግን ተናገርኩ፤ ቀነሰችልኝ። አባዬም አመመኝ አለ።»

«ማን? አባትሽ?»

«በጆሮዬ ሰማሁት።»

ባለቤቴ ሠፌዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው እኔም ልናገር» አለች። «ይሄ የቀኝ ጉልበቴ ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«እዚህ ጂንካ የቡና መጋዘኑን ከሠራህበት ጊዜ ጀምሮ።»

ከዚያ ወዲህ የመጋዘኑ ጣሪያ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ለምን አልነገርሽኝም አላልኳትም፤ መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በማግስቱ ሐኪም ቤት ልወስዳት ተነጋገርን፤ ዛሬ ኪኒኗን እየዋጠች፣ እንቅስቃሴዋን እየሠራች ደህና ናት። የልጄም ነገር በአንድ ቀን አላለቀም። ብዙ ጊዜ ተመላልሳለች፣ ከዚያ በኋላ ብቻዋን ነው የምትሄደው። ፀጉሩ ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ የቀረው ግን እንደ ሕፃን ፀጉር ቀጥኗል፣ ጥቁሩ ምልክትም ለቋል። ሰዎች አሁን ልጆቻቸውን እንዴት ማሳደግ እንዳለባቸው ሲጠይቁኝ ጽናትን አስተምሯቸው እላለሁ። ድንጋይ ሲሸከሙ ጽኑ በሏቸው፤ ሐኪም ሲጠይቃቸው ግን ይናገሩ።

ያን ዕለት ማታ ግን ገና ውጤቱን አላወቅንም። አረፋ ይዞ ያድር ይሆን ብዬ እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር ነጋ። ልጄ ከክፍሏ ስትወጣ አገጯን ለማየት ደፍሬ ቶሎ ቀና አላልኩም። ቀና ስል ትንኝ እንደነከሰው ቀላ ቀላ ብሏል እንጂ አረፋ የለም። እናቷ በጣቷ ጀርባ ነካ አደረገቻትና «ተመስገን» አለች። ቅቤ የሚባል ነገር ማንም አላነሣም።

ወደ ዲመካ በሚሄደው ሚኒባስ ላሳፍራት መናኸሪያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ለሳምንት ፀሐይ እንዳይመታት አጥብቃ ነግራታለች፤ ጃንጥላ ይዛለች፣ አንገቷ ግን ባዶ ነው፣ ጨርቅ እንዳይፈትገው። ረዳቱ በግራ በኩል መስኮቱ ጥግ አስቀመጣት። ጠዋት በዚያ መንገድ ፀሐይ የምትገባው በየት በኩል እንደሆነ የማያውቅ ተሳፋሪ የለም። እኔ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ብላ እንደምትሄድ አውቃለሁ።

«በዚህ በኩል አልቀመጥም» አለች ልጄ። «ፀሐዩ ያቃጥለኛል።»

«ቲቸር፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» አለ ረዳቱ። «ፀሐይ እኮ ሁሉንም ነው የሚያቃጥለው።»

«ሁሉም ይናገራ።»

ሰዉ ሳቀ። የማር ጀሪካን ያቀፈ አንድ ሽማግሌ «እኔ ፀሐይ ለምጃለሁ፣ ነይ ልጄ» ብሎ ተነሣላትና ቦታ ተለዋወጡ። ልጄ በጥላው በኩል ተቀምጣ በመስኮት ወጣ ብላ አየችኝ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ተውኩት። ካልተመቻት ትነግረዋለች፣ ለረዳቱም ቢሆን። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ፤ እኔም ወደ ቤት ተመለስኩ፣ ባለቤቴን ሐኪም ቤት ላደርሳት።